ሰፊው ሕዝብ የሚደርስበት ሶኬት

ሱሌማን፣

አሁንም እላለሁ፤ የመታጠቢያ ቤቱን ሶኬት በሴራሚክ ያስሸፈንከው አንተ ነህ። «አቦ፣ ግድግዳው አማረ አይደል?» ትለኛለህ። የመብራት ተቆጣጣሪው ግን የመጣው ግድግዳ ሊያደንቅ አልነበረም።

ሰውየው ሐሙስ ይመለሳል። ሶኬቱ ከገንዳው ርቆ በሩ አጠገብ ካልተተከለ መብራታችንን ይቆርጣል። ሽቦው አልጋዬ ሥር አለ።

መታጠቢያ ቤታችን በር ላይ ስለቆመው ሰልፍ እኔን አትቆጣ።

ተቆጣጣሪው ትእዛዙን ሲያስጽፈኝ «የቤቱ ሰው በቀላሉ የሚደርስበት ሶኬት» ነበር ያለው። መሥሪያ ቤት ቀኑን ሙሉ የምጽፈውን ታውቃለህ፤ እጄ «ሰፊው ሕዝብ በቀላሉ የሚደርስበት» ብሎ ጻፈ። እሱ ሳያነብ ፈረመ። ቀበሌ ግን አነበበው፤ በስብሰባም አጨበጨቡልን። ሴራሚኩን ሰብሬ ሶኬቱን ያወጣሁ ዕለት ሰፈሩ ካውያውን ይዞ መጣ።

ሴራሚኩ፣ እውነት ለመናገር፣ ያምር ነበር።

ጋሽ ዘገዬ ራዲዮናቸውን ሰክተው ገንዳው ጠርዝ ላይ ይቀመጣሉ። ልታጠብ ነው ብላቸው «የግል ፍላጎትህን አታስቀድም» አሉኝ። እሳቸው እያሉ ውሃ እንዳትከፍት፤ ሰው ይሞትብናል።

አስተካክዬ የጻፍኩት ወረቀት ትራስህ ሥር ነው። ሐሙስ ተቆጣጣሪውን አስፈርመህ ለቀበሌ ስጥ። ስሕተቱ የማን እንደሆነ አንተው ንገራቸው። እኔ ሦስት ጊዜ ሄጄ ሰላም ብያቸው ተመለስኩ።

እኛን የቀበሌውን ምልምሎች ወደ ሁርሶ ጦር ማሠልጠኛ የሚወስደን መኪና በር ላይ ቆሟል። ለስንት ወር እንደሆነ አልነገሩንም።

ሻንጣዬን ሳነሣ ወይዘሮ በለጠች «ከሰልፉ ወጣህ እንዴ?» አሉኝ። አዎ ስላቸው ካውያቸውን ይዘው አንድ እርምጃ ተጠጉ።

አየነው