የእንግዳ ሳህኖችሽ ጉዳይ

«ይቀመጥ፣ አንድ ቀን ያስፈልጋል።»

ቃል በቃል ያልሽው ይህንን ነው፤ ያልሽውም ክዳኑ ስለጠፋ ማንቆርቆሪያ ነበር። ጥሩዬ፣ የኔ ፍቅር፣ ከተለየሽኝ ሁለት ዓመት ሊሆን ነው፤ ማንቆርቆሪያው ግን አንድም ቀን አላስፈለገም። ተናድጃለሁ። ኮንዶሚኒየም ውስጥ እንደምንኖር እያወቅሽ ቤቱን እንደ ሰፊ ግቢ ነው የሞላሽው። ከፍሪጁ ጀርባ ፌስታል አገኘሁ፤ ውስጡ ፌስታል፣ በዚያም ውስጥ ሌላ ፌስታል!

ልጃችን ሐና መጥታ ሥርዓት አወጣችልኝ። ጠዋት ከቤት ሳልወጣ አልጋ ይነጠፋል። ጠረጴዛው ላይ ምንም ነገር አያድርም። ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ መሳቢያ ይጸዳል፤ አንድ ዕቃ ከገባ ደግሞ አንድ ይወጣል። ሥርዓት እንደምወድ ታውቂያለሽ፣ አጥብቄ ያዝኩት። እውነቱን ልንገርሽ፣ ደስ ይላል። መነጽሬን መፈለግ ትቻለሁ። በረንዳው ላይ ወንበር አውጥቼ መቀመጥ ጀምሬያለሁ፤ በረንዳ እንዳለን እንኳ ረስቼ ነበር።

ባለፈው ከታች «ልዋጭ! ልዋጭ!» ሲባል ሰምቼ አሮጌ ጫማዎቼንና ያንን ማንቆርቆሪያሽን ተሸክሜ ወረድኩ። ተከራከርኩ፣ አሸነፍኩ፣ ትልቅ የፕላስቲክ ሳፋ ይዤ ተመለስኩ። ሐና ስታየኝ ሳቋ አሸንፏት ግድግዳ ያዘች። «አባዬ፣ ልታወጣ ሄደህ አስገባህ!» አንቺ ብትኖሪ ሳፋውን ተቀብለሽኝ «ይቀመጥ» ትዪ ነበር።

በሥርዓቱ መሠረት ሳፋው ስለገባ ሌላ ነገር መውጣት አለበት። ሐና ጣቷን ወደ ቡፌው ቀሰረች፤ ወደ እንግዳ ሳህኖችሽ። ወይ እንብላባቸው፣ ወይ ለሚበላባቸው እንስጥ ነው የምትለው። እኔ ግን እጄን መስደድ አልደፈርኩም። አንድ ጊዜ እንቁላል ላቀርብባቸው ብዬ የደረሰብኝን ቁጣ አልረሳሁም። የንስሐ አባታችን በልተውባቸዋል፣ አማቾች በልተውባቸዋል፣ ለተዝካርሽ የመጣው ሰው ሁሉ በልቶባቸዋል። አንቺ ራስሽ ግን አንድም ቀን አልበላሽባቸውም። የሚያናድደኝ ይህ ነው። ለቅሶ በደረስሽበት ሁሉ «ሁላችንም እንግዳ ነን» እያልሽ ሰው ታጽናኚ አልነበር? ታዲያ ሳህኖቹ በየትኛው ሕግ ለእኛ ተከለከሉ?

ስለዚህ ውሳኔዬ ይህ ነው፤ ከግንቦት ልደታ ጀምሮ እራቴን በየቀኑ በእነሱ እበላለሁ። ባጠብኳቸው ቁጥር አንቺን አስባለሁ፣ ቃሌ ነው። አንዱ ከእጄ ቢያመልጥም በድንጋጤ የምጠራው ያንቺኑ ስም ነው።

ተቃውሞ ካለሽ እስከ በዓሉ ዋዜማ ድረስ በጽሑፍ አሳውቂኝ። በሕልም የሚመጣ መልስ አልቀበልም፤ በሕልሜ ስትመጪ የምትይኝን ሁሉ እሺ እላለሁና።