ሰዓታቸውን ቤት ትተው የሚሄዱት መምህር

ጠዋት ከቤቱ ሰው ሁሉ ቀድመው ይነሱ ነበር። መብራት አያበሩም። የኮሪደሩን ግድግዳ በጣታቸው ጫፍ እየዳበሱ ወጥ ቤት ይገባሉ፤ ውሃ ይጥዳሉ፤ ሻያቸውን ቆመው ይጠጣሉ። ከዚያ የእጅ ሰዓታቸውን ፈትተው ከስኳር ዕቃው አጠገብ መደርደሪያው ላይ ያኖሩና በሩን ቀስ አድርገው ዘግተው ወደ ሥራ ይሄዳሉ። ማታ ሲመለሱ ኮታቸውን እንኳ ሳያወልቁ መጀመሪያ ሰዓቱን ያስራሉ። ሰው ወደ ሥራ ሲሄድ ሰዓቱን ያስራል እንጂ ይፈታል እንዴ እያሉ ጎረቤቶች ይቀልዱባቸው ነበር። ምክንያት ነበራቸው፤ ወደ እሱ እንመጣለን።

ዛሬ የምንሸኛቸው መምህር የአውቶቡስ መካኒክ ከነበሩት አባታቸውና ልብስ ሰፊ ከነበሩት እናታቸው በ1946 ዓ.ም. ተወለዱ። ለወላጆቻቸው የበኩር ልጅ ናቸው። እናታቸው መርፌ ሲወድቅባቸው የሚጠሩት እሳቸውን ነበር። ጉንጫቸውን ወለሉ ላይ ያስደግፉና የመርፌዋን ብልጭታ ፈልገው ያገኙ ነበር። በዚህም ምክንያት በቤት ውስጥ “የድመት ዓይን” ይባሉ ነበር።

የመጀመሪያና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በሰፈራቸው ተምረው በ1968 ዓ.ም. በፊዚክስ የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን አገኙ። ከዚያም የድኅረ ምረቃ ምህንድስና ትምህርት ቤት ገብተው በብርሃን ጥናት እስከ ዶክትሬት ዘለቁ፤ በ1978 ዓ.ም. በዚያው ትምህርት ቤት መምህር ሆነው ተቀጠሩ። የተሰጣቸው ላቦራቶሪ ከሕንፃው ምድር ቤት የሚገኝ የተሰባበሩ ወንበሮች መጋዘን ነበር። ወንበሮቹን ከተማሪዎቻቸው ጋር ተሸክመው አወጡ፤ ግድግዳውን ጥቁር ቀለም ቀቡት፤ መጋረጃውን እናታቸው በድርብ ጥቁር ጨርቅ ሰፉላቸው። እናታቸው ሥራው አልቆ ሊያዩ በመጡ ጊዜ በሩ ላይ ቆመው፣ “ይህን ሁሉ ዓመት ያስተማርኩህ ጨለማ ውስጥ ልትቀመጥልኝ ነው?” ማለታቸው እስከ ዛሬ በላቦራቶሪው ይነገራል።

ሥራቸው ብርሃንን እየቀነሱ፣ እየቀነሱ ሄደው ከዚያ በታች የማይከፈለውን አንዱን ቅንጣት፣ ፎቶን የሚባለውን፣ መቁጠር ነበር። ለእንዲህ ያለ ቆጠራ በመርፌ ቀዳዳ የሚገባ ብርሃን እንደ ቀትር ፀሐይ ነው። ስለዚህ ላቦራቶሪ ሲገቡ ከሰላምታ በፊት የሚናገሩት ቃል አንድ ነበር፤ ተማሪዎችም “መብራት አጥፉ” የሚል ስም አወጡላቸው። ስሙን ያውቁት ነበር፤ ይወዱትም ነበር።

በ1982 ዓ.ም. የትምህርት ቤቱን ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ አግብተው አንዲት ሴት ልጅና አንድ ወንድ ልጅ ወለዱ። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀችው ባለቤታቸው በሃያኛው የጋብቻ ዓመታቸው የእጅ ሰዓት ሰጠቻቸው። ቁጥሮቹና ዘንጎቹ ብርሃን ጠጥተው በጨለማ የሚያበሩ ናቸው። ጨለማ ውስጥ ለሚውል ሰው ይጠቅመዋል ብላ ነበር።

በዚያን ጊዜ አንዲት የዶክትሬት ተማሪ ነበረቻቸው። ከሐሳብ ወደ ሐሳብ ስለምትዘል “ፌንጣ” ይሏት ነበር። ፌንጣ የምታጠናው አንድ ትንሽ ክሪስታል በሌዘር ሲነካ የሚያወጣውን እጅግ ደካማ ብርሃን ነው። ክሪስታሉ ጠዋት ጠዋት ደከም ብሎ ይውልና ከምሳ በኋላ በርታ ይል ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲሁ ሆነ። ምክንያቱን የሚያስረዳ ሐሳብ ተገኘለት፤ የመመረቂያ ጽሑፏም በዚህ ላይ ቆመ፤ ጽሑፉን ለገምጋሚዎች የምታቀርብበት ቀን ተቆርጦ ከሌሎች ትምህርት ቤቶች እንግዶች ተጠሩ። የተሰጣት የትምህርት ጊዜም እያለቀ ነበር።

መሣሪያውን በከበበው ጥቁር መጋረጃ ውስጥ ያለች የአንዲት መስታወት ብሎን ስለላላ፣ መምህሩ እጃቸውን ብቻ አስገብተው ቆጠራው እስኪያልቅ በጣታቸው ደግፈዋት ይቆሙ ነበር። ከምሳ በኋላ ደግሞ በግቢው ፀሐይ ላይ መንሸራሸር ልማዳቸው ነው።

ቀኑ ሊደርስ ሳምንት ሲቀረው፣ ሰዓታቸው በንባብ መብራት ሥር አድሮ ነበርና፣ ጠዋት አስረውት በጨለማው ኮሪደር እጃቸውን ወደ በሩ ሲዘረጉ እጀታው በሰዓቱ ብርሃን አረንጓዴ ሆኖ ታያቸው። ባለቤታቸው ስትነሳ እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ሲያስገቡና ሲያወጡ አገኘቻቸው። “ክሪስታሉ አይደለም” አሏት፤ ሻይ ሳይጠጡ ወጡ።

ወደ ትምህርት ቤቱ ዲን አልሄዱም፤ መጀመሪያ የሄዱት ወደ ፌንጣ ነው። በፀሐይ የጠገበው ሰዓታቸው ከእጃቸው ጋር መጋረጃው ውስጥ ይገባ እንደነበር ነገሯት።

“ስለዚህ ጋሼ፣ ከምሳ በኋላ የሚነቃው ክሪስታሉ ሳይሆን እርስዎ ነበሩ?” አለቻቸው።

“እኔማ ብነቃ ኖሮ መቼ እዚህ እንደርስ ነበር” አሏት። እያለቀሰች ሳቀች፤ ይህን ራሷ ለባለቤታቸው ነግራታለች።

ዲኑ እንግዳ ከተጠራ በኋላ ነገሩን ማንሳት ደግ አይደለም፣ ቀኑ ይለፍና ቀስ ብሎ ይስተካከላል ብለው መከሯቸው። መምህሩ ግን ገምጋሚዎቹ በተሰበሰቡበት ተነስተው “መብራት አጥፉ” አሉ። መብራቱ ጠፋ። ሰዓት ያሰሩበትን እጃቸውን ወደ ላይ አነሱ።

“የሁለት ዓመት ግኝታችን ይህች ናት። ልጅቷ የቆጠረችው በትክክል ነው፤ ያበላሸው የኔ እጅ ነው። ጊዜ ይጨመርላት።”

ጊዜው ተጨመረላት። እሳቸው ከላቦራቶሪው ኃላፊነት ተነሱ፤ ቁልፉንም ያለ ቅሬታ አስረከቡ። ቤተሰባቸው ያን ዘመን በምስጋና ያስታውሰዋል፤ ራት ላይ ይገኙ ነበርና።

ፌንጣ ብሎኑን አስጠግና እንደገና ቆጠረች። ክሪስታሉ ከምሳ በኋላ የሚበረታ አልነበረም። ነገር ግን ፎቶኖቹን አንድ በአንድ፣ ወረፋ እንደሚጠብቅ ሰው ሳይጋፉ ያወጣቸው ነበር። ይህ እውነት እዚያው ነበር፤ የሰዓቱ ብርሃን ሸፍኖት ኖሮ ነው። በዚህ ተመረቀች፤ ዛሬ የዚያ ላቦራቶሪ ኃላፊ እሷ ናት። መምህሩም ከዚያ ቀን ወዲህ ሰዓታቸውን ቤት ትተው መሄድ ጀመሩ። ሌላ እንግዛ ሲባሉ፣ ይህ ሰዓት ምን አጠፋ፣ ያብራ ተብሎ አበራ ይሉ ነበር።

ጡረታ ከወጡም በኋላ ጠዋት ወደ ላቦራቶሪው መሄዳቸውን አልተዉም። በ2016 ዓ.ም. ኩላሊታቸው ታመመ። ሆስፒታል ለመተኛት በሄዱበት ጠዋትም እንደ ልማዳቸው ሰዓቱን ፈትተው አኖሩት። በሕመም አልጋቸው ላይ ያስቸገራቸው የመሣሪያዎቹ መብራት ነበር፤ ነርሷ ሌሎቹ ይብሩልኝ ብላ ለምናቸው አንዱን በፕላስተር ሸፈነችላቸው። ሐኪሞቻቸውን፣ ያችን ነርስ፣ በየተራ አጠገባቸው ያደሩትን ተማሪዎቻቸውን ቤተሰቡ ከልብ ያመሰግናል።

ጥር 19 ቀን 2017 ዓ.ም. ንጋት ላይ በተወለዱ በ71 ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸው፣ ሴት ልጃቸው፣ ወንድ ልጃቸው፣ ሁለት የልጅ ልጆቻቸውና ታናሽ እህታቸው ቀርተዋል። ብርሃንን የፈጠረ አምላክ፣ በትዕግሥት የቆጠሩለትን እኚህን ሰው በሰላም ይቀበላቸው።

ሰዓቱ ከስኳር ዕቃው አጠገብ ነው። ማታ መጥቶ የሚያስረው የለም።