ይወቃል ወይስ ይወቃል?

ኅዳር 9፣ 1975፤ አብደራፊ

የራዲዮኔ ባትሪ ድንጋዮች ዛሬ ከምሳ በኋላ በድንገት ማረፋቸውን የምገልጸው በጥልቅ ሐዘን ነው። ፀሐይ ላይ አሰጣኋቸው፤ በጥርሴም ነከስኳቸው። አልተነሡም። ከጎንደር ወደዚህ የመንግሥት እርሻ በጸሐፊነት ተዛውሬ ከመጣሁ ወዲህ ከሥራ ውጭ የሚያናግሩኝ እነሱ ብቻ ነበሩ።

ሽኩር ሱቅ ሄድኩ። "ቡክራ፣ ከመተማ ይመጣል" አለኝ። ቡክራ በዐረብኛ ነገ ማለት ነው። በሽኩር አፍ ግን... እንጃ።

ኅዳር 11

ቡክራ አልደረሰም።

ኅዳር 13

ራዲዮ ሲሞት ጆሮ ይከፈታል። ለካ ከቢሮዬ ጀርባ አውድማ አለ። ከጎጃም የመጡ የቀን ሠራተኞች ማሽላ ይወቃሉ። ፈንቴ የሚባል ቀጭን ሰው ዘፈን ያወጣላቸዋል፤ እነሱ በዱላቸው ይቀበሉታል። ታይፔም አብሮ መቀበል ጀመረ። የወሩን ሪፖርት በዜማ ነው የጻፍኩት። ማንም አላወቀም።

ኅዳር 16

የእርሻው አለቃ ጓድ ፈረደ አስጠሩኝ። ሠራተኛው በመከሩ መዝጊያ በዓል ይዘፍናል፤ ሆኖም ዘፈኑ አስቀድሞ በጽሑፍ ይቅረብ አሉ። "ዜማው አያስፈልግም። ቃሉ ብቻ።"

ፈንቴን ቢሮ አስገባሁት። ቃሉን ብቻ ንገረኝ አልኩት።

"ሳልዘፍነው የት አውቀዋለሁ፣ ጋሼ ዋሴ?"

"በል ቀስ ብለህ ዝፈነው።"

"ዱላስ?"

የመጥረጊያውን እንጨት ሰጠሁት። ጠረጴዛዬን እየወቃ ዘፈነልኝ። ቀለም ተደፋ፣ ሻይም ተደፋ። ሌላ ሻይ አፈላሁ። "ይኼ ጠረጴዛ ምርት የለውም" አለና ሳቀ። እዚህ ክፍል ውስጥ ሰው ሲስቅ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። እኔንም ጨምሮ።

ኅዳር 17

ተተየበ።

ማሽላው ደርቋልና ክንድ ይጠይቃል፣
ጓድ አለቃ መጣ፣ እሱም ይወቃል።

ያ ሁሉ "ኧሆ በል፣ ኧሆ" ወረቀት ላይ ሲወጣ ሐኪም ፊት አፉን የከፈተ በሽተኛ ይመስላል። ሰረዝኩት። የሚደጋገመውንም ሰረዝኩ። ግማሽ ቀን የሚዘፈነው ዘፈን ሁለት መስመር ሆኖ ቁጭ አለ። ላባዋ የተነጨ ዶሮ... ይህችን ታክል ነበረች እንዴ?

ኅዳር 18

ጓድ ፈረደ እንደ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ አነበቡት። መጨረሻዋ ላይ ሲደርሱ "ቃ"ን ጥብቅ አደረጓት።

"እኔ ነኝ የምወቃው? እንደ ማሽላ? በዱላ?"

"ላልቶ ነው የሚነበበው፣ ጓድ። እርስዎ ከሠራተኛው ጋር አብረው ይወቃሉ ማለት ነው። ለፎቶ ወርደው ዱላ ያነሡ ዕለት ሠራተኞቹ ያወጡልዎ ውዳሴ ነው።"

"መላላቱ የት ላይ ተጽፏል?"

እውነትም፣ የት? ፊደላችን ያን ሁሉ ሠራዊት አሰልፎ ይህችን የሚጠብቅ ዘበኛ አጣ። የምትለየው በዜማው ነበር። ዜማው ደግሞ አያስፈልግም ተብሏል።

ፈንቴን ዘበኞች ወስደው ዘጉበት። ለምርመራ ወደ ሳንጃ ሊላክ ነው። ሳንጃ ሄዶ የተመለሰ እስካሁን አላየሁም። አንዲት ፊደል ጠበቀችና ሰው ተጠበቀ። ይህችን ቀልድ ብነግረው የሚስቅልኝ እሱ ነበር።

ኅዳር 19

አውድማው ላይ ዱላ ብቻ። ዘፈን የለም። ስተይብ ፊደል እየሳትኩ ዋልኩ።

ከሰዓት ጓድ ፈረደ ቢሮ ገባሁ። ላልቶ ለመሆኑ እመሰክራለሁ፤ ያስዘፍኑትና ይስሙት አልኩ።

"ጠብቆ ከተገኘ አብረኸው ሳንጃ ትወርዳለህ።"

"እወርዳለሁ።"

ማን አፌን አስከፈተኝ? እኔ እኮ በስብሰባ እንኳ እጄን አውጥቼ አላውቅም።

ኅዳር 20

ፈንቴ በሁለት ዘበኛ መካከል ቆሞ ዘፈነ። "ይወቃል" ላይ ሲደርስ ጆሮዬን ለ"ቃ" ሰጠሁ። እንደ ቅቤ ላላች። ጓድ ፈረደ ድገመው አሉት። አሁንም ላላች። ስታምር። በስተመጨረሻ እግራቸው ከጠረጴዛው ሥር ምት ይዞ ነበር።

"ውዳሴ ነው ለካ" አሉ።

ተፈታ። ሲወጣ አላመሰገነኝም። አየኝ ብቻ፤ ረዘም አድርጎ።

ታኅሣሥ 8

ማሽላው አለቀ። ዛሬ የጭነት መኪና ላይ ተሳፈሩ። ፈንቴ ከላይ ጎንበስ ብሎ እጄን ያዘኝ።

"ከርሞ ያገናኘን፣ ጋሼ ዋሴ።"

"አሜን" አልኩ። ሌላ ነገር ልል ነበር...

መኪናው የጓድ ፈረደን ቢሮ እንዳለፈ ዘፈኑን አነሣው። ሁሉም የመኪናውን ጎን እየደበደቡ ተቀበሉት። "ጓድ አለቃ መጣ፣ እሱም ይወቃል..." ጠበቀች። "ቃ" እንደ ዱላ ወረደች። ሳቃቸው እስከ አውድማው ተሰማ።

ከመጀመሪያውም እንዲህ ነበረች? ወይስ ከታሰረ በኋላ ነው ያጠበቃት? የምጠይቀው ሰው አቧራው ውስጥ ገባ።

ቢሮ ተመልሼ ወረቀቱን አየሁት። ያችው ሁለት መስመር። ምንም አትናገርም። በሩን ዘጋሁና ጠረጴዛውን በጣቴ እየመታሁ ብቻዬን ዘፈንኳት፣ ከነ "ኧሆ በል"ዋ። የሚቀበለኝ የለም። ራሴው ተቀበልኩ።

እርማት፦ ኅዳር 18 ቀን "ላልቶ ነው የሚነበበው" በሚል በዚሁ ማስታወሻ የሰፈረው ቃል "ጠብቆ" ተብሎ እንዲነበብ እናሳስባለን። ለተፈጠረው ስሕተት ይቅርታ አንጠይቅም።