ከደንዲ በላይ ያለው ቤት

ብርቄ ዓለሜ፣

ከተለየሽን ዓመት አልፎ ሌላ ክረምት ወጣ። እንዴት ከረምሽ እንዳልልሽ ያለሽበትን አገር አላውቀውም። እኛ፣ ሰው ሲጠይቀን፣ ደህና ነን እንላለን። ይህን የምጽፍልሽ ባለፈው እሁድ የሰማሁትን ነገር ለማንም መናገር ስላቃተኝ ነው። ከሰማሁ ወዲህ እጄ ሥራ አይዝም። ማዘጋጃ ቤት ወንበሬ ላይ ቁጭ ብዬ ባለጉዳዩ ያናግረኛል፣ እኔ አፉ ሲንቀሳቀስ ብቻ አያለሁ።

አስቀድሜ የቤቱን ልንገርሽ። ስፌት ቤትሽ አልተዘጋም፤ ጓደኛሽ አስቴር ይዛዋለች። የዘንድሮን የተማሪ ልብስ ሁሉ የሰፋችው እሷ ናት። ልጃችን ሌንሳ ዩኒቨርሲቲ ገብታለች፤ እዚሁ አምቦ ስለደረሳት ከእኔ አልራቀችም። ግራ ጆሮዬ አሁንም አይሰማም፣ ስለዚህ ማዕድ ስንቀርብ በቀኜ በኩል ትቀመጣለች። ሰማይ ሲያጉረመርም ደግሞ መስኮቱን ትዘጋና እጄን ትይዘኛለች። አባት ሆኜ በልጄ እጅ መያዜ ያሳፍረኝ ነበር፤ አሁን ለምጄዋለሁ።

የእሁድ ጉዞሽ ግን ካንቺ ጋር ቀርቶ ነበር። ትዝ ይልሻል፣ መጀመሪያ የሰፈሩን ሴቶች ይዘሽ መውጣት ስትጀምሪ ጎረቤቱ እንዴት እንዳማሽ? ቤትና ልጅ ያላት ሴት ተራራ ለተራራ ምን ያዞራታል ተባለ። አንቺ ደግሞ፣ የአዲስ አበባ ሰው ነዳጅ አቃጥሎ የሚመጣበትን አገር እኛ ጓሯችን ሆኖ ሳናየው ልንሞት ነው ወይ ትያቸው ነበር። ጭሊሞ ደን ገብታችሁ ጉሬዛ ከዛፍ ዛፍ ሲዘል ያያችሁ ዕለት፣ አስቴር ሳምንቱን ሙሉ ሌላ ወሬ አልነበራትም። ጉደር ፏፏቴ፣ ወንጪ፣ ሁሉንም አዳረሳችኋቸው። እኔ እንኳ፣ ከቤት መውጣት የማልወደው ሰው፣ አንዳንዴ ከኋላችሁ እያለከለክሁ እከተል ነበር። አንቺ ዳገቱ ጫፍ ላይ ቆመሽ በኦሮምኛ «ጌቾ፣ ኮቱ!» እያልሽ ትጠሪኛለሽ፤ ና ማለትሽ ነው፤ ሴቶቹ ይስቃሉ።

ደንዲ ሐይቅ የሄድን ዕለትም እንደዚያው ነበር። ሴቶቹ ቀድመውን ወደ መኪናው ወረዱ። አንቺ ሁለቱ ሐይቆች የሚገናኙበትን ቦታ አንድ ጊዜ አይቼ ልምጣ አልሽ፣ እኔም አብሬሽ ቀረሁ። ዝናቡ ከማዶ ነበር፤ እኛ ዘንድ ፀሐይ ነው። የማስታውሰው የጃኬትሽን ኮፍያ ወደ ራስሽ ስትስቢው ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ነጭ ነው። ከነጩ ወዲያ የሆስፒታል ጣሪያ ነው።

አንቺን ስጠይቅ ሌላ ክፍል ተኝታለች ይሉኝ ነበር። እስክበረታ ብለው ነው፣ እንደ ወጉ። መርዶውን ሲነግሩኝ ግን አንቺ ከተቀበርሽ ቆይቶ ነበር፤ አፈር ሳላለብስሽ። መብረቁ ወዲያው ነው የገደላት፣ ምንም አላወቀችም፣ አልተሰቃየችም አሉኝ። ዓመቱን ሙሉ የኖርኩት በዚያች ቃል ነው። አልተሰቃየችም እያልኩ እተኛለሁ፤ ብቻዋን ሄደች እያልኩ እነሳለሁ።

ሌንሳ ቦታውን አሳየኝ ስትለኝ ከርማ ነበር። እኔ አይሆንም ስል ከረምኩ። በመጨረሻ አስቴር ናት የረታችኝ። ከተራራው ተሸክመው ያወረዱሽን ሰዎች እስከዛሬ ማንም ሄዶ አላመሰገነም፣ ይህ ነውር ነው አለችኝ። እውነቷን ነው። ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ ሲጠራ አንድ ጋቢ ገዛን፣ ሦስታችን ሄድን። እረኞቹን ስንጠይቅ ከሐይቁ በላይ በእንሰት የተከበበ አንድ ቤት አሳዩን። የባለቤቲቱ ስም ጫልቱ ነው፣ እንደ እናት አዴ ጫልቱ እንላታለን አሉን።

ብርቄ፣ ያቺን አሮጊት በዕድሜዬ አይቻት አላውቅም። እሷ ግን ገና ከደጅ ስታየኝ እየሮጠች መጥታ አንገቴን አቀፈችኝ። «ጌታቸው፣ ትከሻህ ዳነ?» አለችኝ በኦሮምኛ። ስሜን ከየት አወቀችው? ስለ ትከሻዬስ ማን ነገራት? ደነገጥኩ። ከሌላ ሰው ጋር አመሳስላኝ እንደሆነ ብዬ አስቴርን አየኋት፣ እሷም ግራ ገብቷት ታየኛለች።

አስገብታ መደቡ ላይ አስቀመጠችን። ከዚያ እጇን መደቡ ላይ አሳርፋ፣ «እዚህ ነበራችሁ፣ አንተና ሚስትህ» አለች። ለሌንሳ ከእኔ ቀድሞ ገባት፤ ስታለቅስ ሰማኋት። እኔ ግን አዴ ጫልቱን፣ ሚስቴ እዚህ የመጣችው ሞታ ነው አልኳት።

አሮጊቷ ትክ ብላ አየችኝ። እንዴት ትረሳዋለህ ብላ አልተቆጣችም፤ ግን ፊቷ ተለወጠ። ከዚያ ቀስ ብላ ነገረችኝ። ልጆቿ ሁለታችንንም ከሜዳው አንስተው እዚህ አገቡን። እኔ ትከሻዬን ይዤ በእግሬ ነው የገባሁት። አንቺ ደክመሻል፣ ግን ታወሪ ነበር፣ በኦሮምኛ ስሟን ጠይቀሻታል፣ የእኔንም የነገርሻት አንቺ ነሽ። ሌንሳ ብቻዋን ናትና ቶሎ እንሂድ ብለሻል። ወንዶቹ ቃሬዛ ሊሠሩ እንጨት ቆረጣ ወጡ። እግርሽ በርዶሽ ስለነበር ጫማሽን ላወልቅልሽ ጎንበስ አልኩ፤ ማሰሪያው በውሃ ተጣብቆ አልፈታ አለኝ። ቢላዋ ለመንኳት።

«አዲስ ነው እኮ፣ አትቁረጠው አለችህ» አለች አዴ ጫልቱ። «አንተ ደግሞ ሌላ እገዛልሻለሁ አልካት። ሁለታችሁም ሳቃችሁ። ስትስቁ አይቼ ተረፉ ብዬ ወተት ላሞቅ ተነሳሁ። ስመለስ ራሷን ትከሻህ ላይ ጥላለች። ዝም በይ፣ ተኝታለች አልከኝ።»

ከዚያ በኋላ የተናገረችውን አልሰማሁም፤ በደህናው ጆሮዬም አልሰማሁም።

ከሆስፒታል ያመጡልኝ ጫማሽ ማሰሪያው ተቆርጦ ነበር። እዚያ የቆረጡት መስሎኝ ነበር። እኔ ነኝ። ብርቄ፣ አብሬሽ ነበርኩ። ነቅቼ፣ እያወራሁሽ፣ ትከሻዬን ሰጥቼሽ ነው የሄድሽው፤ እኔም አንዲቷን ሰከንድ አላውቃትም። ልጆቿ መንገድ ላይ ለፖሊስና ለአስቴር ሲያስረክቡን እኔ ቃሬዛው ላይ ራሴን ስቼ ነበር፤ ስነቃ እኔው እንደምናገር አስበው ልጆቿ ምንም አላወሩም።

ወደ ደጅ ወጣሁ። ሐይቁ ፀጥ ብሎ ተኝቷል። ከአዲስ አበባ የመጡ ወጣቶች ከታች ፎቶ ይነሳሉ። ተመልሼ ገባሁና እንደገና ንገሪኝ አልኳት። ነገረችኝ። አሁንም እንደገና አልኳት። ያቺ ሴት ሳትሰለች፣ ቃሉን ሳትለውጥ ነገረችኝ። ስንወጣ ጋቢውን አልቀበልም ብላ ነበር፤ ሌንሳ በግድ ትከሻዋ ላይ ጣለችላት።

ሐኪሙን ጠየቅኩት። መብረቅ የመታው ሰው ሲያወራ ቆይቶ ኋላ ሊረሳው ይችላል አለኝ። ይመለስልኝ ይሆን ስለው ዓይኑን ከእኔ አነሳ። ያ ነጭ ነገር አሁንም እንደነጣ ነው። ዓይኔን ጨፍኜ ስቆፍረው እውላለሁ፤ ምንም የለውም። አንዳንዴ ንዴት ይይዘኛል፤ የመጨረሻ ሳቅሽን እንግዳ ሰው ወርሶት እኔ በወሬ እሰማዋለሁ።

ሌንሳ በመጪው እሁድ ሴቶቹን ይዛ ጭሊሞ ልትሄድ ነው። አትሂጂ ማለት አልቻልኩም። አብሬያት እሄዳለሁ፤ ደመና ካየሁ እንደምንቀጠቀጥ ታውቃለች። ለጥምቀት ደግሞ አዴ ጫልቱ ዘንድ እንወጣለን፣ ቀጥረናታል።

ቃል የምገባልሽ ይህን ነው። ያየውን ዓይኔ ባይመልስልኝም፣ አሮጊቷ የነገረችኝን ሳልጨምር ሳልቀንስ እይዘዋለሁ፤ ሌንሳም ለልጆቿ እንዲሁ ትነግራለች። ያልኩትን ባላስታውሰውም የእኔ ቃል መሆኑን አውቄዋለሁ። «ሌላ እገዛልሻለሁ» ብዬ አንቺን የማባብል፣ በዚህ ዓለም ላይ ከእኔ ሌላ ማንም አልነበረም።

ያንቺው ጌቾ