ለሴኞር አንሴልሞ ያለህ ትዕግሥት

ይድረስ ለወንድሜ ለኤርሚያስ ተፈራ፣ ስፔን።

እንደምን ሰንብተሃል? ጤናህስ? ብርዱ ለቀቀህ? የዚያ አገር ምግብስ ተስማማህ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን። አለን ስልህ ግን ሰላም ነው ብለህ እንዳትቀመጥ፤ እኔ በአንተ ነገር አንጀቴ እርር ድብን ብሏል። በስልክ ብነግርህ «ኔትወርኩ አስቸገረ» ብለህ ትዘጋብኛለህ። ደብዳቤ ኔትወርክ አይፈልግም፤ የሰፈራችን ልጅ ሄራን ለትምህርት ወደዚያው ስለምትመጣ በእጇ ልኬልሃለሁ።

መጀመሪያ ያንን ፎቶ ላንሳ። ሽርጥ ታጥቀህ አንድ ሽማግሌ በማንኪያ ስታበላ የተነሣኸውን ፌስቡክ ላይ ከለጠፍክ ወዲህ ሰፈሩ ሰላም የለውም። ጎረቤታችን እትዬ ተዋበች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መጥተው እማዬን «አይዞሽ፣ ልጄ ተምሮ ሰው ቤት ገባ ብለሽ አትዘኚ፣ ይህም ያልፋል» አሏት። እኔ ሳስረዳ ዋልኩ። ሰው ቤት አልገባም፣ ዩኒቨርሲቲው ነው ተማሪዎቹን ቋንቋ እንዲለምዱ ለበጎ ፈቃድ አገልግሎት አረጋውያን መጦሪያ የሚልካቸው አልኳቸው። «ቋንቋ በማንኪያ ይማራሉ እንዴ?» ብለው ሄዱ።

የድምፅ መልእክትህን ደግሞ ምን ልበለው? ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ሴኞር አንሴልሞ፣ ሴኞር አንሴልሞ። እኚያን የፎቶውን ሽማግሌ ስትሮክ መትቷቸው አንደበታቸው ስለተያዘ ቃል ለማውጣት ይታገላሉ፤ አንተም ስፓኒሽ አትችልምና አብረህ ትታገላለህ። «ከአፋቸው አልነጥቅም፣ ራሳቸው እስኪያወጡት አጠገባቸው ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ፤ ሲወጣ ሁለታችንም ተማርን ማለት ነው» አልከኝ። በዚህ መንገድ አፍህ ተፈታ። ደስ ይላል መቼም።

አባባስ፣ ኤርሚ? የእሳቸውም አንደበት በዚሁ በሽታ አይደል የተያዘው? ፊዚዮቴራፒ የሚሠራላቸው ባለሙያም ያለን ይህንኑ ነው፤ አናግሯቸው፣ ጠብቋቸው፣ ቃሉን አትጨርሱላቸው። አንተ ግን ከእኔ ጋር ስታወራ ጥርት ያለው መስመር ስልኩን ለአባባ ባቀበልኩ ቁጥር ይበላሻል። «ሄሎ፣ ሄሎ፣ አይሰማኝም» ትልና ትዘጋለህ። እማዬ ሆዱ ስስ ነው፣ አባቱን እንዲህ ሆነው ሊሰማ አይችልም እያለች ትከላከልልሃለች። የእኔ ሆድ ድንጋይ ነው? አጥባቸዋለሁ፣ አጎርሳቸዋለሁ፣ ልጄን ሊዲያን ትምህርት ቤት አድርሼ ቢሮ እገባለሁ። የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ ያሉት ላንተ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ የላክኸውን ቪዲዮ ለአባባ ከፈትኩላቸው። ሴኞር አንሴልሞን አንዴ አጉርሰህ፣ ማንኪያውን አስቀምጠህ ወደ ካሜራው ትስቃለህ። አባባ ፊታቸው ተለዋወጠ። በደህናው እጃቸው ወደ ስልኩ እየጠቆሙ ሲታገሉ፣ ሲታገሉ ቆዩና «ድገምለት» አሉ። አንድ ጉርሻ ያጣላል እያሉ ያሳደጉን እሳቸው አይደሉ? ከታመሙ ወዲህ የወጣቸው የመጀመሪያ ሙሉ ቃል ነው። እማዬ እልል አለች፣ እኔ አለቀስኩ። ራሳቸው እንዲነግሩህ ብለን ወዲያው ደወልንልህ። ስልኩን ጆሯቸው ላይ አድርገው ገና «ድ» ከማለታቸው ኔትወርክ ብለህ ዘጋህ። አባባ ስልኩን ከጆሯቸው ሳያወርዱ ብዙ ቆዩ። ከዚያ ወዲህ አንድም ቃል አልሞክርም ብለዋል፤ ብለምናቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ።

እንግዲህ ስማኝ። ትምህርትህን ጥለህ ና አላልኩህም፣ ብር ላክም አላልኩህም። ለሰው አባት ከሰጠኸው ትዕግሥት ለእኛም ቆንጠር አድርግልን። እሑድ ደውል። ማልቀስ ከመጣብህ አልቅስ፣ ግን እያለቀስክ ጠብቃቸው።

እማዬ ጉንጭህን ስማሃለች፤ ይህን እንደ ጻፍኩልህ አታውቅም፣ አንተም እንዳትነግራት። ልጄ ሊዲያ በስፓኒሽ መዝሙር አስተምረኝ ብላለች። እትዬ ተዋበች ሽርጡን ቶሎ ያውልቅ ብለውሃል። አባባን ከታቦር ቁልቁል ወደ ሕክምና የሚያመላልሳቸው ባለባጃጁ ዩኑስም ሰላም ብሎሃል። የአባባን ሰላምታ ግን አልጽፍልህም። እሳቸው ራሳቸው ይሉሃል፤ እስኪጨርሱ ስልኩን አትዝጋ።

እኅትህ ፍሬሕይወት
ሀዋሳ፣ ታቦር
ግንቦት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.