በውሰት ሳሙና የሞላ መደርደሪያ

እናታችን ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው በ1949 ዓ.ም. ተወለዱ። እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረዋል፤ የአባታቸው ዓይን ሲደክም ግን ትምህርቱን ትተው ቁልፍ መትከልና ዘርፍ መስፋት ያዙ። በ1969 ዓ.ም. ከአናጢው አባታችን ጋር ትዳር መሥርተው ሁለት ወንዶችና አንዲት ሴት ልጅ አፍርተዋል። ቀልደኛ ነበሩ፤ ሲቆጡ ደግሞ ቤቱን ቀጥ ያደርጉት ነበር።

አባታችን በሞት ከተለዩ በኋላ፣ በ1988 ዓ.ም. አንድ የቁጠባና ብድር ተቋም ለሴቶች በሚሰጠው ሥልጠና ሳሙና መሥራት፣ ዋጋ መተመንና ደንበኛ መያዝ ተማሩ። አጠገባቸው ይቀመጡ የነበሩት፣ ሁላችንም ሳቂታዋ የምንላቸው ጎረቤታችን፣ እንደ እህት ሆኑላቸው። በመጀመሪያው ብድር ሁለቱም ጎን ለጎን ሱቅ ከፈቱ።

በዓመቱ የተቋሙ ኃላፊዎች ሥራቸውን ሊያዩ መጡ። በዚያ ሳምንት እናታችን ያፈሉት ሳሙና አልረጋ ብሎ መደርደሪያቸው ባዶ ነበር። ሳቂታዋ፣ "ምን ችግር አለ፣ የኔን ወስደሽ ደርድሪው፤ እነሱ እንደሆኑ ካንቺ ሱቅ ወዲያ አይዘልቁም" ብለው ያላቸውን ሁሉ ሰጧቸው። እንግዶቹ ግን ዘለቁ። ባዶውን ሱቅ አይተው፣ "የዚህኛው ባለቤት ሰነፍ ናት እንዴ?" ብለው እናታችንን ጠየቁ። እናታችን አቀርቅረው ዝም አሉ። ሳቂታዋ በር ላይ ቆመው ይሰሙ ነበር።

ሳቂታዋ ሁለተኛውን ብድር ተከልክለው ሱቃቸውን ዘጉ፤ ሰው ቤት ልብስ እያጠቡ ልጆቻቸውን አሳደጉ። እናታችን አርአያ ነጋዴ ተብለው ተሸለሙ። አሠልጣኝ ሆነውም ብዙ ሴቶችን የሰው እጅ ከማየት አውጥተዋል። ሽልማቱን ግን አንድ ቀን እንኳ ግድግዳ ላይ አልሰቀሉትም። ሳቂታዋን መንገድ ላይ ሲያዩ ዓይናቸውን ማየት እያቃታቸው በሌላ በኩል ይታጠፉ ነበር። ይቅርታ ሊጠይቁ ደጃቸው ድረስ ሄደው ሳያንኳኩ የተመለሱበት ጊዜ ብዙ ነው።

በስኳር ሕመም ሲታከሙ ቆይተው፣ መጋቢት 4 ቀን 2014 ዓ.ም. በ65 ዓመታቸው አረፉ። ከማረፋቸው በፊት፣ "በሰው ፊት ያደረግሁትን በሰው ፊት አንብቡልኝ፤ እንዳታሳምሩት" ብለው አደራ አሉን። ይህን ስንጽፍ፣ እናታችንን በሬሳቸው ፊት እናዋርድ ወይ ተባብለን ተጣልተናል። አሁንም የምናነበው እያፈርን ነው። አደራቸውን መብላት ግን አልቻልንም።

እናታችን የሦስት ልጆች እናትና የአምስት ልጆች አያት ነበሩ። ፈጣሪ ነፍሳቸውን በምሕረቱ ይቀበል። ከሰው ኋላ የቆሙት ሳቂታዋም፣ ከቻሉ፣ ይቅር ይበሏቸው።