ልቤ አንድ ቦታ አልቀመጥ ብሎኝ

ለተከበሩ አባቴ ለአቶ ዘሩ፣

አባዬ፣ እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎን አሞዎት እንደነበር ሰማሁ፤ ተሻለዎት? እማዬስ እንዴት ናት? የአገራችን የፈረስ ቤት ብርድ ዘንድሮ እንዴት አደረጋችሁ? የመስኖው ድንች፣ የታመመው በሬ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ደኅና ነው? እኔ ልጅዎ ውዳሴ በአካሌ ደኅና ነኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ልቤ ግን አንድ ቦታ አልቀመጥ ብሎኛል። ስልኩ ከእናንተ ዘንድ አልገባ ስላለኝ ነው በወረቀት የመጣሁ። ወንድሜ መሐሪ ሲያነብልዎ፣ የሚያስቆጣዎትን እየዘለለ እንዳያነብ አደራ ይበሉልኝ።

ጎረቤታችን አቶ ንብረት ለገበያ ወደዚህ ወደ ፍኖተ ሰላም ወርደው በነበረ ጊዜ፣ የኅዳሩን ፈተና መውደቄን ሰምተው እንደነገሩዎት አውቃለሁ። እውነታቸውን ነው። እስከ ስምንተኛ ክፍል ከአንደኝነት ወርጄ የማላውቀው ልጅዎ፣ ዘጠነኛ ስገባ ከግማሽ በታች አመጣሁ። ሳላጠና ቀርቼም አይደለም፤ ነጋ ጠባ መጽሐፍ ከእጄ አይለይም ነበር። ግን ባዮሎጂ ስከፍት ሒሳቡ ያሳስበኛል፤ ሒሳቡን ስጀምር ፊዚክሱ ትዝ ይለኛል፤ እሱንም ሳልጨርስ ውኃ መጣ ይባልና ጀሪካን ይዤ እሮጣለሁ። እንግሊዝኛውን የገባኝንም ያልገባኝንም እንደ ዳዊት ሸመደድሁት። ፈተናው ላይ ጥያቄው በሌላ ቃል ሲመጣ የሸመደድሁት ሁሉ ብን ብሎ ጠፋ።

ከዚያ እርስዎ፣ «ካልሆነላት ትመለስ፤ ቤቷ አለላት» ብለው ላኩብኝ። ራርተውልኝ እንደሆነ አሁን ይገባኛል፤ ያኔ ግን ሰነፍ ተባልሁ ብዬ አለቀስሁ። አብራኝ የተከራየችው የአክስቴ ልጅ ሠርክአዲስ እንዳልሄድ ብትለምነኝም፣ ልብሴን በማዳበሪያ ከረጢት ከትቼ መልቀቂያ ልጠይቅ ትምህርት ቤት ሄድሁ።

የክፍላችን ኃላፊ መምህርት ንጋት ወረቀቱን ሊሰጡኝ አልቸኮሉም። «ትናንት ከክፍል ከወጣሽ ጀምሮ ምን ስትሠሪ ነበር? ምንም ሳታስቀሪ ንገሪኝ» አሉኝ። ነገርኋቸው። እየተናገርሁ ለራሴም ገረመኝ፤ ስሯሯጥ ውዬ የጨረስሁት አንድም ነገር የለም። እሳቸውም፣ «ሰነፍ አይደለሽም፤ አልሰበሰብ ብለሽ ነው። በቀን የምትጨርሽውን አንድ ትምህርት አስቀድመሽ ምረጪ። አንብቢና መጽሐፉን ክደኚው፤ ከዚያ በራስሽ አማርኛ ለሰው አስረጂ። ያቃተሽን ብቻ ተመልሰሽ እዪ። መልቀቂያውን የጥርን ወር ፈተና ተፈትነሽ ከፈለግሽው እጽፍልሻለሁ» ብለው መለሱኝ።

ለማን ላስረዳ? ሠርክአዲስ የራሷ ጥናት አለባት። የቤት አከራያችን እትዬ ቻይነሽ በረንዳ ላይ በርበሬ ሲቀነጥሱ አገኘኋቸውና፣ አብሬያቸው እየቀነጠስሁ ቅጠል በፀሐይ ብርሃን ምግቡን እንዴት እንደሚያዘጋጅ አወራኋቸው። እስክጨርስ ሰሙኝና፣ «እንዲያ ከሆነ ክረምት ፀሐይዋ ስትጠፋ አገሩ ሁሉ ለምን ይለመልማል?» አይሉኝም! መልሱን ፍለጋ መጽሐፉን ባገላብጥ አጣሁት። በማግሥቱ መምህርት ንጋትን ብጠይቃቸው፣ ደመና ቢሸፍነውም ብርሃኑ ጨርሶ እንደማይጠፋ፣ ውኃውም በክረምት እንደሚበዛ አስረዱኝ። ለእትዬ ቻይነሽ ሄጄ ስነግራቸው፣ «አሁን ገባኝ፤ ትናንት ግን ለአንቺም አልገባሽም ነበር» ብለው ሳቁብኝ። አባዬ፣ ማጥናት ምን እንደሆነ የገባኝ ያን ቀን ነው።

ቀላል እንዳይመስልዎት። አንድ ነገር ይዤ ስቀመጥ እግሬ ተነሺ ተነሺ ይለኛል፤ ሌላው ትምህርት ጥሎኝ የሄደ ይመስለኛል። ከሠርክአዲስ ጋር ተራ ገብተናል፤ አንዳችን ወጥ ስንሠራ አንዳችን እናጠናለን። በእሷ ተራ እንኳ ሽሮው አረረ ይሆን እያልሁ ብድግ እላለሁ፤ እሷም ተቆጥታ ታስቀምጠኛለች።

የጥር ፈተና ውጤት ትናንት ተነገረን። ባዮሎጂ ከፍ ብዬ አለፍሁ። ሒሳብ ለጥቂት ተረፍሁ። ፊዚክስ ወደቅሁ፤ አልዋሽዎትም። ከክፍሉ መካከል ላይ ነኝ። ግን የጻፍሁትን ሁሉ ገብቶኝ ነው የጻፍሁት። መምህርት ንጋት፣ «እህስ፣ መልቀቂያውን ልጻፍልሽ?» ቢሉኝ፣ «አይ፣ ይቅር» አልኋቸው።

አሁን አንድ ልመና አለኝ። ስንቅ ልወስድ በመጣሁ ቁጥር ቅዳሜና እሑዱ በመንገድ ያልቅብኛል፤ ስመለስም ደክሞኝ የያዝሁት ይበተንብኛል። እስከ ፋሲካ አልምጣ። ስንቁን በአቶ ንብረት ይላኩልኝ። ድንቹ ሲቆፈር እማዬ ሰው እንደሚያጥራት አውቃለሁ። ፊዚክሱን ግን አሁን ከለቀቅሁት ዳግመኛ አልይዘውም። ድፍረት አይሁንብኝና፣ መልስዎ «ተመለሽ» ቢሆንም ዓመቱን ሳልጨርስ አልነሣም። ይቆጡኝ፤ ቁጣዎን እችለዋለሁ።

እማዬን ጉንጯን ስሜያለሁ፤ ለድንቹ እንዳታዝንብኝ። አያቴን እማማ እማዋይሽን ጉልበታቸውን ስሜያለሁ፤ በጸሎታቸው አይርሱኝ። ትንሿን መታሰቢያን አቅፌ ስሜያታለሁ። መሐሪ ሆይ፣ አንተም ስምንተኛን ስትጨርስ የምትመጣው እዚሁ ነው፤ ቦታህን ይዤ እጠብቅሃለሁ።

ልጅዎ ውዳሴ ዘሩ
ፍኖተ ሰላም፣ የካቲት 8 ቀን 2018 ዓ.ም.